የአንድ ሰው ስፋት

ሹፌሩ ፕላኑን የሣለው ወረቀት ላይ አይደለም። ወረቀት አያምንም። ዕድሜውን ሙሉ መንገድን በጎማው እንጂ በካርታ አውቆ አያውቅም። ስለዚህ ሊሠራት ያሰባትን ተጎታች፣ የሳሎኑን ምንጣፍ ጠቅልሎ ሲሚንቶው ወለል ላይ በእውነተኛ ልኳ አሰመራት። ግድግዳው ላይ ደግሞ የጎኗን መልክ ሣለ፤ ከፊት ሞላ ብላ ጀምራ ወደ ኋላ እየቀጠነች የምትወርድ፣ በጎኗ የተኛች የውሃ ጠብታ። ከኋላ ክዳኗ ብድግ ሲል ምድጃና መደርደሪያ ብቅ ይላል። ከፊት መኝታ ነው። ቁመቷ ሰው አያስቆምም፤ ለመተኛት መግባት፣ ለመቆም መውጣት ነው። አሮጌዋ ትንሽ የቤት መኪናው ያለ ምንም ጣጣ ትጎትታታለች ብሎ ነበር።

የሣለበት ጠመኔ የሚስቱ ነው። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰማያዊውን ጠፍጣፋ ጠመኔ ከመቀሷና ከሜትሯ ጋር ከሱቅ ይዛ ትመለሳለች፣ ይዛ ትወጣለች። ሜትሩ እንኳ ከአንገቷ አይወርድም።

ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ቢሆኑም፣ መስመሩ ከተሰመረ ወዲህ እንግዳ የገባ ይመስል ነበር። ማንም አይረግጠውም። ከጓዳ ሰሃን ይዛ ስትመጣ ዙሪያውን ትዞራለች፤ የረሳች እንደሆን ሹፌሩ ከተቀመጠበት ይጮህባታል።

"አንቺ ሴትዮ፣ በር እያለልሽ ግድግዳ ጥሰሽ ትገቢያለሽ?"

"በሩ የታለ?"

"ያው ከእግርሽ ሥር። ማጠፊያውን እንዳትረግጪው፤ ገና አዲስ ነው።"

እሷም ተመልሳ፣ በሌለው በር ጎንበስ ብላ ትገባለች። እንደ ጨዋታ ነበር። በትዳራቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ጨዋታ በጣም ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም እሱ አልነበረም። ከባድ መኪናውን ከነተሳቢው እየነዳ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል። ልጅ አልወለዱም። ጎረቤቶች "ባልሽ ደህና ነው?" ሲሏት "ደህና ነው መሰለኝ" ትል ነበር፤ ይስቁ ነበር።

ከዚያ የከባድ መኪናው ባለቤት የሹፌሩ ልብ መድከሙን ሰምቶ ቁልፉን ተቀበለው። ሹፌሩ ቤት ገባ። መጀመሪያ ሰሞን ሶፋው ጫፍ ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ነበር የሚቀመጠው። ቆይቶ ግን አንድ ቀን፣ "ያለፍኩበትን ሁሉ ቆሜ አላየሁትም" አላት። "አንድ ሐይቅ አለ። ስንት ዓመት በግራ መስኮት አይቼው አለፍኩ። ውሃው ይሙቅ ይቀዝቅዝ አላውቅም። ይዤሽ እሄዳለሁ።" ምንጣፉን የጠቀለለው በማግስቱ ነው።

ይዤሽ እሄዳለሁ ያለው ነገር ከአንጀቷ ጠብ አለ። ሰው ምን አጣሽ ቢላት የምትመልሰው አልነበራትም፤ ይኸው የጠፋባት ነገር ስም አገኘ። የሱቋ አከራይ ደግሞ ጥብቅ ሴትዮ ነበሩ። ቤቱን ለፋርማሲ የሚፈልጉት ሰዎች ስለመጡ፣ ትቀጥል እንደሆነ ወይም ትለቅ እንደሆነ ሰኞ ቁርጡን እንድትነግራቸው አስጠንቅቀዋታል። ለማንም አልተናገረችም እንጂ በልቧ ወስናለች፤ ቁልፉን ትመልሳለች። ስፌት መኪናዋን እቤት ታስገባለች። ከባሏ ጋር ሐይቅ ታያለች።

ቅዳሜ ጠዋት ነው አራት ማዕዘኗን ያየቻት። ሹፌሩ አልጋውን አሰምሮ ጨርሶ፣ ከአልጋው ራስጌ አጠገብ፣ ግድግዳው ሥር አንዲት ትንሽ ሳጥን ሣለ።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"ወንበርሽ ናት። ታጠፊያታለሽ፣ ትዘረጊያታለሽ። በላይዋ መስኮት አደርግልሻለሁ፤ መብራትም። ስትፈልጊ ትሰፊያለሽ፣ ስትፈልጊ ውጭ ውጭውን ታያለሽ።"

እሷ ግን አልጋውን ነበር የምታየው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትር ሳትዘረጋ የሰው ትከሻ ስንት እንደሆነ ታውቃለች። ዓይኗ በመስመሩ ላይ ከጫፍ ጫፍ ሄደ፣ ተመለሰ።

"አልጋው ለስንት ሰው ነው?"

ሹፌሩ አልጋውን አየው፣ እሷን አያት።

"አንቺ እኮ አትተኚም" አለ።

ነቀፋ አልነበረም። ስኳር አትወጂም እንደማለት ነው የተናገረው። እውነት ነዋ። አትተኛም።

የማትተኛበትን ምክንያት ግን የምታውቀው እሷ ብቻ እንደሆነች ነበር የምታስበው። ሹፌሩ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶ ነግሯታል፤ ባልሽ እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ይቆማል፣ ቆይቶ ይመለሳል፣ ልቡ በደከመ ቁጥር ግን መመለሱ እየከበደ ይሄዳል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ፣ ሌሊት አፍንጫ ላይ የሚጠለቅ መሣሪያ እንዳለ ነገራት፤ እነሱ ጋ ግን እንደሌለ ጨምሮ ነገራት። "ሲቆም ነካ አድርጊው" አላት። ይኸው ነው ሕክምናው።

እሷም ነካ ስታደርገው ኖረች። መብራት አጥፍታ፣ ጆሮዋን ቀስራ፣ ትንፋሹን እንደ ሰዓት ታዳምጣለች። ያንኮራፋል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ጭር ይላል። ያ ጭርታ ሲመጣ ክርኗን ጎኑ ላይ ታሳርፋለች። እሱ እንደሰጠመ ሰው አየር ጎርሶ ይገላበጣል። ጠዋት "እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ዕድሜ ነው መሰለኝ" ትለዋለች። ልንገረው ብላ አስባ ታውቃለች፤ ግን እንቅልፉን ከፈራ በምኑ ሊያርፍ ነው? ስለዚህ ዋጠችው። ሱቅ ውስጥ መርፌው እየተጣመመባት፣ የሜትሩ ቁጥር እየተደራረበባት ትውላለች። በቀደም የአንድ ደንበኛ ኮት ግራ እጅጌውን ቀኝ ላይ ሰፍታ አስረክባለች። ሰውየው ለብሶት መስታወት ፊት ቆሞ፣ "እኔ ነኝ የተጣመምኩት ወይስ ኮቱ?" አላት። ሁለቱም ሳቁ። እሷ ሰውየው ከወጣ በኋላ ጨርቅ ክምር ላይ ፊቷን ደፍታ አለቀሰች።

እንግዲህ ወንበሯን ስታይ ሁለት ነገር ነው የተሰማት። አንደኛው፣ ልቧ ስንጥቅ አለ፤ ሐይቁ ዳር ሄዳም ቁጭ ብላ ልታድር ነው። ሁለተኛው ደግሞ አዘነችለት። ምን ያድርግ፣ አያውቅም። ሚስቴ እንቅልፍ የላትም ብሎ፣ አስቦላት፣ መስኮት ያለው ወንበር ሣለላት። እንዲህ ላሰበ ሰው ምን ይባላል?

"ቆንጆ ናት" አለችው።

እኩለ ቀን ላይ ክላክስ መጣ። ክላክስ የሹፌሩ የድሮ ረዳት ነው፤ አሁን እሱም በራሱ መኪና ሹፌር ሆኗል። ስሙን ያወጡለት ገና ከመታየቱ በፊት ድምፁ እንደ መኪና ጥሩምባ ስለሚሰማ ነው። ከተሰባበረች ትንሽ መኪና የተፈታ አክስል ከነጎማዎቹ ይዞ መጥቶ፣ ግቢው ውስጥ ለተጎታቿ ወለል ተገዝቶ ግንቡ ላይ ከተደገፈው የኮምፔንሳቶ ሳንቃ አጠገብ እያቃሰተ አወረደው።

"ጋሼ፣ ይቺ አክስል የሰው ሚስት ናት፤ እንዳያዩብን።"

"ዝም ብለህ አውርድ። ጎማዋ ደህና ነው?"

"ከእኔ ጥርስ ይሻላል።"

ሹፌሩ የራሱን የብረት ሜትር ይዞ በጎማና በጎማ መካከል ያለውን ስፋት ለካና፣ የግቢው በር ያሳልፈው እንደሆነ ሊያይ ወደ በሩ ሄደ። ክላክስ እጁን ታጥቦ ሳሎን ገባ። የወለሉን መስመር ሲያይ ደረቱን ይዞ ወደ ኋላ ተመለሰ።

"ወይ ጉድ! እትዬ፣ እዚህ ቤት አደጋ ደርሷል እንዴ? ትራፊክ ፖሊስ እኮ እንዲህ ነው የሚያሰምረው።"

"ተጎታቿ ናት። ዙር፣ አትርገጥ።"

ዞረ። አልጋውን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የወንበሯን ሳጥን አየና በሳቅ ፈነዳ።

"ይቺንማ አውቃታለሁ! የእኔ ወንበር ናት። ጋቢናችን ውስጥ ልክ እዚህ ጋ ነበረች፤ ከጋሼ መኝታ ራስጌ። ታዲያ አሁን እርስዎ ነዎት ረዳቱ?"

"እንዴት?"

"እንዴት ማለት ጥሩ ነው። እኔ ረዳት ሆኜ መቼ ተኝቼ አውቃለሁ? እጄን ደረታቸው ላይ ጭኜ ነው የማድረው። 'ትንፋሼ ሲቆም ቆንጥጠኝ፣ ዝም ብትል ሬሳ ጭነህ ነው የምትገባው' ይሉኝ ነበር። ስንቱን ሌሊት ቆነጠጥኳቸው! ቀስ ብዬ ስቆነጥጣቸው አይነቁም፤ በኃይል ነው። ክንዳቸውን አላዩትም? በልዞ ነበር እኮ።"

አይታዋለች። በየጊዜው ቤት ሲመጣ፣ ሲታጠብ፣ የክንዱ ሥጋ ከውስጥ በኩል ሰማያዊ ሆኖ ታየው ነበር። ምን ነካህ ስትለው ሸራ ስንወጥር ገመዱ ነው ይላታል። ቅባት ትቀባው ነበር፤ ለገመዱ።

"አላየሁትም" አለች።

ክላክስ ፊቷን አይቶ ድምፁን ቀነሰ። ድምፁን ሲቀንስ የሰማችው ያኔ ብቻ ነው። "ምነው፣ ያልሆነ ነገር ተናገርኩ እንዴ እትዬ?"

"የለም። ውሃ ልስጥህ?"

ውሃውን ቆሞ ጠጣ፣ መንገድ አለብኝ አለ፣ ወጣ። በሩ ላይ ሹፌሩን ተሰናብቶ፣ የመኪናው ጥሩምባ ከመንገዱ ጥግ ተሰምቶ ጠፋ። ሹፌሩ ደስ ብሎት ገባ።

"ታልፋለች! በሁለት በኩል ጣት ጣት ያህል ይተርፋታል። ልኳን እንደሰፋሽላት።"

"ታውቅ ነበር" አለችው።

"ምኑን?"

"ትንፋሽህን።"

ሹፌሩ የብረት ሜትሩን በቀስታ ጠቀለለ። "ያ ለፍላፊ" አለ። ሶፋው ጫፍ ላይ፣ እንደ ድሮው ጫፉ ላይ፣ ተቀመጠ።

"ሐኪሙ ሲነግረኝ ደበቅኩህ። እንቅልፍህን እንዳትፈራ ብዬ።"

"እኔም እንዳላስፈራሽ ብዬ ነው የደበቅኩሽ።"

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ሊስቁበት ይችሉ ነበር። ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ከሁለት በኩል ይዘው ሲደባበቁ መኖራቸው ለሰው የሚነገር ጨዋታ ነው። ግን ወንበሯ ከመካከላቸው ወለሉ ላይ ነበረች።

"ሌሊት ቁጭ የምለው ለምን እንደሆነም ታውቃለህ።"

ሹፌሩ የተጠቀለለውን ሜትር ኪሱ ከተተ።

"ክርኔንም ታውቀዋለህ።"

"የክላክስ ቁንጥጫ ይብስ ነበር" አለ ሹፌሩ። ቀልድ ለማድረግ ሞክሮ ነበር፤ አፉ ላይ ቀረ። "አውቃለሁ። የነቃሁ ሳልመስል እገላበጣለሁ እንጂ አውቃለሁ።"

"አውቀህ ነው ወንበር የሣልክልኝ።"

"መስኮትም አደርግልሻለሁ ብያለሁ።"

"አውቀህ ነው።"

"አዎ" አለ። ውሸት ሲጀምር ይችልበታል፣ ሲያዝ ግን አይችልበትም። ከዚያ ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ ስታውቀው በኖረችበት ዘመን ሁሉ ሰምታበት በማታውቀው ድምፅ፣ "ሌላ ማን አለኝ?" አላት።

ብትቆጣ ይሻላት ነበር። ድምፁ ግን ልመና ይመስል ነበር። ጠመኔዋን ከጠረጴዛው አነሳች።

"ተኛ" አለችው።

"የት?"

"አልጋህ ላይ።"

ሹፌሩ ጫማውን አውልቆ፣ ያሰመረው በር በኩል ገብቶ፣ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተኛ። አልጋው ልክክ አለለት። እሷ ከጎኑ ተጋደመች። የወለሉ ቅዝቃዜ በቀሚሷ በኩል ገባ። አንድ ትከሻዋ ከባሏ ትከሻ ጋር ተጣብቆ፣ ግማሽ ገላዋ ከመስመሩ ውጭ ቀረ። እጇን ዘርግታ፣ ትከሻዋ ያለቀበት ቦታ ላይ ምልክት አደረገች፤ ተነስታ ከራስጌ እስከ ግርጌ ቀጥ አድርጋ አሰመረችው። የወንበሯ ሳጥን ከመስመሩ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ይህ ሲያልቅ ግቢ ወጣች፤ ኮምፔንሳቶውን ሁለቱ አግዳሚዎች ላይ አጋድማ፣ እሱ በእርሳስ ካሰመረው ጥቁር መስመር ወዲያ የራሷን ሰማያዊ መስመር አሰመረች።

ሹፌሩ ተከትሏት ወጥቶ ነበር። መስመሯን አይቶ የግቢውን በር አየ።

"በሩ አያሳልፋትም።"

"ይስፋ።"

"ምሰሶው መፍረስ አለበት።"

"ይፍረሳ።"

"በእጄ ነው ያቆምኩት" አለ ሹፌሩ። "ደግሞ አክስሉም ጠባብ ነው። ሌላ መፈለግ ነው። ጊዜ ይወስዳል። እኔ ደግሞ..." ደረቱን ነካ አደረገ፣ አልጨረሰውም።

"እንግዲህ ሁለት መስመር አለልህ" አለች። "እኔ ልተኛ ነው።"

"አሁን? በጠራራ ፀሐይ?"

"አዎ። ሁለታችንም እንተኛ እንደሆን፣ ወይም አንተ ብቻ ተኝተህ እኔ ቁጭ እል እንደሆን ስነሳ አየዋለሁ። ሰኞ ለሱቄ አከራይ መልስ አለብኝ።"

መኝታ ቤት ገብታ መጋረጃውን ጋረደች። ልብሷን ሳታወልቅ፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንዳለ፣ በጎኗ ተጋደመች። ወዲያው አይደለም፣ ቆይቶ መጋዙ ጀመረ። ወዲያ ሄዶ ይመለሳል፤ ወዲያ ሄዶ ይመለሳል። ጆሮዋ አልሰነፈም፤ የለመደውን ሊያዳምጥ ተቀሰረ። መጋዙ ቆመ። ክርኗ ራሱን ችሎ ተንቀሳቀሰና ባዶ ፍራሽ ነካ። መጋዙ ቀጠለ። የትኛውን መስመር እንደያዘ ከድምፁ ማወቅ አይቻልም፤ ሞከረች እንጂ። ምሰሶ የሚያፈርስ ዶማም ትሰማ እንደሆን ብላ ጆሮዋን ጣለች። ከዚያ ምንም አልሰማችም። ድንጋይ ውሃ ውስጥ እንደሚወርደው ወረደች።

ስትነቃ የመጋረጃው ብርሃን ቀልቶ ነበር። ገላዋ ሌላ ሰው ያበደራት ይመስል ቀለላት፤ እንዲህ ያለ እንቅልፍ መኖሩን ረስታው ነበር። ግቢው ጭር ብሏል። በባዶ እግሯ ወጣች።

ምሰሶው ቆሟል። ኮምፔንሳቶው ተቆርጧል። አቆራረጡ የሚያምር ነው፤ ጥቁሩን መስመር አንድም ቦታ አልሳተም፣ ጫፉንም በብርጭቆ ወረቀት አልሶታል። ሰማያዊው መስመር ያለበት ቁራጭ ግንቡ ሥር ተጥሏል። ጎንበስ ብላ አየችው። ሌላ ነገር ያደረገ እንደሆን፣ ሰማያዊው ላይ ትንሽ ጀምሮ የተወ እንደሆን ብላ ጫፎቹን ሁለቱንም ፈለገች። መጋዝ አልነካቸውም።

ሹፌሩ ምሰሶው ሥር ተቀምጦ፣ ጀርባውን ተደግፎ፣ መጋዙን ጭኑ ላይ እንዳደረገ እንቅልፍ ወስዶታል። ሰጋቱራ ቅንድቡ ላይ፣ ሽፋሽፍቱ ላይ አርፏል። ያንኮራፋል።

ፊቱ ተንበረከከች። ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች፤ በብብቶቹ ሥር አሾልካ፣ በጀርባው አዙራ፣ ደረቱ ላይ ሁለቱን ጫፎች አገናኘች። ለስንቱ ሰው እንዲህ አድርጋለች። ደረት ሲነፋ ሜትሩ ይወጠራል፣ ሲተነፍስ ይላላል፤ ልኩ የሚወሰደው ሲወጠር ነው። ተወጠረ፣ ላላ። ተወጠረ፣ ላላ።

ከዚያ ላላና ቀረ።

ክርኗ ተንቀሳቀሰ፤ ያዘችው። ሜትሩን በሁለት ጣቷ እንደያዘች ጠበቀች። አልነካችውም። የከንፈሩ ቀለም ሲለወጥ ታያለች። ከግንቡ ወዲያ ሰዎች እየተሳሳቁ አለፉ፤ ድምፃቸው እስኪርቅ ድረስ ሜትሩ እንደላላ ነበር። አሁንም አልነካችውም። ምን እየጠበቀች እንደሆነ ራሷን አልጠየቀችም፤ ብትጠይቅ መልሱን የምትሰማበት ድፍረት አልነበራትም።

ሹፌሩ ከውስጥ የተጎተተ የሚመስል ድምፅ አውጥቶ አየር ጎረሰ። ሜትሩ ተወጠረ። ቁጥሩን አነበበችው። ከዚያ የትከሻውን ስፋት፣ ከዚያ ከአንገቱ እስከ ተረከዙ ያለውን ለካች።

አንድ ዓይኑን ገለጠ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ልክህን እየወሰድኩ።"

"ለምን?"

"ለፍራሽህ ልብስ። ሰኞ ሱቅ ስገባ መጀመሪያ እሱን ነው የምቆርጠው። የአንድ ሰው ነው፤ ቶሎ ያልቃል።"

ሹፌሩ ይህን ቀስ ብሎ ሰማው። የተቆረጠውን ኮምፔንሳቶ አየ፣ እሷን አየ።

"አሁን ትንፋሼ ቆሞ ነበር?"

"አዎ።"

"ቆነጠጥሽኝ?"

"አይ" አለች፤ ሜትሩንም መጠቅለል ጀመረች።

ሹፌሩ እጁን በሌላው እጅጌው ሥር አስገብቶ፣ የክንዱን ውስጥ፣ ድሮ ይበልዝ የነበረውን ቦታ፣ የሚያም እንደሆን ቀስ እያለ ሲዳስስ ቆየ።